የአባቴ ሜዳይ የት ገባ?

ሰኞ
የለም። ሳጥኑን ገለበጥኩት፣ የእናቴን ከረጢት ሳይቀር በረበርኩ፣ የአባቴ ሜዳይ የለም። ሐሙስ ቆቦ ላይ የድሮ ወታደሮች ይሰበሰባሉ፤ ሜዳይ ያለው አድርጎ ይምጣ ተብሏል። ኦጋዴን ዘምቶ ያገኘው ነው። ተራ ወታደር ነበር። ምን ሠርቶ እንደተሸለመ ስጠይቀው ሁሌም ወሬ ይቀይራል። ዛሬም "ባዶ ደረቴን እሄዳለሁ" ብሎ ወደ ማሳው ወጣ። ሸጦት ይሆን? እንዲህ ማሰቤ ራሱ አናደደኝ።

ማክሰኞ
እናቴን ወጥሬ ያዝኳት። "ሮቢት ከተማ፣ ሼህ ይማም ዘንድ ነው። አርፈሽ ተቀመጪ" አለችኝ። እኔ ማረፍ የት አውቄ። የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ በሚኒባስ ሄድኩ። ሼህ ይማም የተጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። የአባቴን ሜዳይ ልወስድ መጣሁ ስላቸው ፊታቸው ጠቆረ። "ካሣ ይስማ እንግዲህ" ብለው ባዶ እጄን ሸኙኝ። አያ ካሣ የማሳ ጎረቤታችን ነው። እሱ ምን አገባው?

ረቡዕ
ጉድ ሠራሁ። አያ ካሣ በማለዳ በራችን ላይ ቆሞ አባቴን "ሰኢድ፣ ምን በደልኩህ?" ይለዋል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ለካ እኔ ልጅ ሳለሁ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳ በመጥለፍ ተራ ተጣልተው ነበር። አባቴ መጥረቢያ አንስቶበት በሰው ብዛት ነው የተገላገሉት። ሲታረቁ እያንዳንዳቸው የሚሳሱለትን ነገር ሼህ ይማም ዘንድ አስያዙ፤ አያ ካሣ ጠመንጃውን፣ አባቴ ሜዳዩን። መያዣዬን መልሱልኝ ያለ ዕርቁን አፍርሷል። አፍራሿ እኔ ሆንኩ፣ ያውም ጎርፍ በሚጠበቅበት ሰሞን። አባቴ አልተቆጣኝም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። ጋቢውን ደርቦ ከአያ ካሣ ጋር ወደ ሮቢት ሄደ።

ሐሙስ
አባቴ እንዳልላከኝ ገብቷቸው ዕርቁ ጸንቷል፣ አልሐምዱሊላህ። እንዲያውም አያ ካሣ "ለዛሬ ያድርገው፣ ዋሱ እኔ ነኝ" ብሎ ሜዳዩን ከሼህ ይማም አስወጣለት፤ ስብሰባውም ድረስ አብሮት ሄደ። አባቴ ደረት ላይ አየሁት፤ ጥብጣቡ የነጣ፣ ከሳንቲም ብዙም የማይበልጥ ነገር። ለዚህች ነው ይኼ ሁሉ? ሮቢት መልሶ አስይዞት ሲመጣ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኩት። ዛሬ ወሬ አልቀየረም።
"በተኩስ መሀል ለተጠሙት ውኃ አመላለስኩ" አለኝ። "ውኃ አድርሼ ያገኘሁት ነው። ኋላ በውኃ ሰው ልገድል ደረስኩ። ሌላ ምን ላስይዝ ኖሯል?"
አሁን በተራራው በኩል ደመናው ከብዷል። የመጀመሪያው ተራ የአያ ካሣ ነው፤ አባቴ አካፋውን ይዞ ሊያግዘው ወጥቷል።