ሁለት ጠርሙስ የሄምፕ ዘይት

ለምናፍቅህ ወንድሜ ለዶናትስ፤ ከላትጋሌ ብርድ መሀል የሞቀ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኔም አባባም፣ ላሟም ጭምር፣ ደህና ነን።

ዘንድሮ ለዘይት የዘራነው ሄምፕ ጥሩ ፍሬ ስለያዘ ግማሹን ወፍጮ ቤት ወስጄ በአዲሱ የብረት መጭመቂያ ሳይታመስ አስጨመቅኩት። ግማሹን አባባ እንደ ድሮው ወቅጦና አምሶ፣ በእንጨቱ መጭመቂያ ሽብልቁን በመዶሻ እየመታ አወጣው። የብረቱ ብዙና አረንጓዴ ነው፤ የአባባ ትንሽ ነው፣ ሽታው ግን ቤቱን ሞላው።

ሁለቱንም በድንች አቀረብኩለት። የብረቱን ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄማ ሣር ነው! እናትሽ አፏም ላይ አታደርገውም። እስቲ ጥሪያት፣ እሷ ትፍረድ» አለኝ።

እማማ ካረፈች ሦስት ዓመቷ አይደል? እኔ ግን ተነስቼ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

«ትመጣለች?» አለኝ።

«እጇን እየታጠበች ነው» አልኩት።

ደስ ብሎት መብላት ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ቀና አለና ትኩር ብሎ አየኝ። ወንበር ሳበልኝ።

«እርስዎስ አይቀምሱም እንዴ፣ እመቤት? ቤት ያፈራው ነው፣ አይፈሩ» አለኝ።

ተቀምጬ ቀመስኩ። ጥሩ ዘይት ነው።

በረዶው መንገዱን ሳይዘጋው ብትመጣ ደስ ይለኛል። በር ላይ ስትደርስ ግን፣ አባባን ከማቀፍህ በፊት ስምህን ንገረው።

አምላክ በመንገድህ ሁሉ ይጠብቅህ።

እህትህ አንቶኒና