እልፍነሽ ያመጣችው ብልቃጥ

የካቲት 24፣ ሰኞ
ጠዋት ካርቲየ 3 ሰፈር አንድ ማቀዝቀዣ ፈትቼ አጠብኩ። ድሮ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። አሁን ሦስቴ አረፍኩ።

ማታ እልፍነሽ መጣች። የሚስቴ የሰብለወርቅ ታናሽ እህት። እህቷ ከሞተች ጀምሮ እኔን ማስታመም ሥራዋ ሆኗል። ዛሬም ሌላ ብልቃጥ።

"ጋሽ ዓለም፣ አንቲኦክሲዳን ነው። ሰውነት ውስጥ ያለውን ዝገት ይጠርጋል።"

ስለ ዝገትማ እኔን ጠይቂኝ ልላት ነበር። ጨው የበላው ብረት ስጠግን ነው ያረጀሁት፤ በክኒን የዳነ አላየሁም። ግን ክኒኑን ዋጥኩ። እምቢ ከተባለች ፊቷ ይጠቁራል። ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት... ከጥቁር አዝሙዱና ከሮማን ጭማቂው ሌላ። የታመመው ሳንባዬ፣ ፍዳውን የሚያየው ሆዴ።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ
ሦስተኛው ዙር የካንሰር መድኃኒት። አራት ሰዓት ሙሉ ክንዴን ዘርግቼ ተቀመጥኩ።

ሐኪሜ ዶክተር ኒዛር ጠየቀኝ፤ አቶን እንደ ፈረንሳዮች ሙሴ ይላል። "ሙሴ ዓለምሰገድ፣ እኛ ካዘዝነው ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?"

"የለም።"

ቶሎ አልኩት። በጾም፣ ያውም ጸሎት አድርሼ በወጣሁበት ጠዋት። ለምን ዋሸሁ? ለእልፍነሽ ብዬ? ወይስ እንደ ልጅ ቁጣ ፈርቼ?

የካቲት 27፣ ሐሙስ
"የለም።" እስካሁን አፌ ውስጥ አለች።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ
ለደም ምርመራ ሄጄ ለዶክተር ኒዛር እውነቱን ነገርኩት። ብልቃጡን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ሕክምናው እስኪያልቅ አይውሰዱት። መድኃኒታችን ዕጢው ውስጥ ከኦክስጅን የሚወጣ ፍንጣሪ ያበዛል። ፍንጣሪው ዲኤንኤውን ይሰባብረውና ሕዋሱ ይሞታል። ይሄ ክኒን ፍንጣሪውን ሊያጠፋው ይችላል።"

"በሽታውን ያመጣው ያጨስኩት የሲጋራ ፍንጣሪ ነው አላሉኝም?"

"ብያለሁ። ዲኤንኤው ለዓመታት በጥቂት በጥቂቱ ሲጎዳ ሕዋሱ ተበላሽቶ ካንሰር ይሆናል። ባንዴ ሲደቅ ግን ይሞታል።"

ያሳመመኝም እሱ፣ የሚያድነኝም እሱ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ተናደድኩ። ሰው የቱን ይዞ የቱን ይጣል?

ልወጣ ስል ትዝ አለኝ። ሰብለወርቅም የካንሰር ሕክምና ላይ ሳለች ይህንኑ ትውጥ ነበር። ከእልፍነሽ እጅ...

"ሚስቴም ስትታከም ይህንኑ ትውጥ ነበር። እሱ ገድሏት ይሆን?"

"ማንም ሊያውቅ አይችልም፣ ሙሴ። በሽታው ራሱ ከባድ ነው። እኛ የምንከለክለው ለጥንቃቄ ነው።"

ለእልፍነሽ አልነግራትም። ምን ይጠቅማታል? እየተቀበልኩ እደፋዋለሁ።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ
ደፋሁ። ሌላ ውሸት፣ ይሄኛው ያለ ቃል።

ደስ ብሏት መጣች። "ፊትህ ወዛ አለ እኮ። ለጓደኛዬ ለሀያም ገዛሁላት፣ ሰኞ እንዳንተው ሕክምና ትጀምራለች።"

ሀያ ማለት ካርቲየ 4 ጨርቅ የምትሸጠው ናት፣ የእልፍነሽ የድሬዳዋ አብሮ አደግ። ሦስት ልጆች አሏት።

ኤጭ። አሁንስ በየት በኩል ልሽሽ?

መጋቢት 5፣ ዓርብ
ሌላ ሰው ይንገርልኝ ብዬ ጸለይኩ። ይሄ ጸሎት ነው እንዴ?

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ
ነገርኳት። ዶክተሩ ያለውን እንዳለ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

"ከማክሰኞ።"

"ሐሙስ ስሰጥህ ተቀበልከኝ። አፍ የለህም?"

"የለኝም።"

ብልቃጡን አገላብጣ አየችው። ፈረንሳይኛ አታነብም።

"ሰብልዬስ?"

እሷን አልነካትም ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ቃሉን መለስኩት። "አይታወቅም። ሐኪሙም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም።"

አላለቀሰችም። ስልኳን አወጣች። "ሀያ፣ ያን ብልቃጥ እንዳትከፍቺው... ከፈትሽው? ዋጥሽ ወይ? እሺ፣ እንዳትውጪ። አይ፣ በስልክ አይሆንም፣ መጣሁ።"

ነጠላዋን አነሳች። "አንተ አረፍ በል።"

"ፍንጣሪውን እንዴት ብለሽ ልታስረጂያት ነው?"

"አንተስ ገብቶሃል?"

"ካንቺ እሻላለሁ።"

አብሬያት ወጣሁ። ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘች። ትንፋሽ ያጠረኝ እኔ፣ ብልቃጡን የያዘችው እሷ። ቀስ ብለን ወረድን።