አዳራሹ ያጎደለብሽ ጉልበት

ውድ እህት ዓለም፣

ባለፈው ስደውልልሽ «ስለ ብስክሌት ከሆነ ስልኩን ልዘጋው ነው» አልሽኝ። እኔም መደወሉን ትቼ ብዕር አነሳሁ፤ ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም። ቀድደሽ ብትጥዪው እንኳ ሌላ እጽፋለሁ። ግትርነቴን ታውቂዋለሽ፤ ያሳደግሽኝ አንቺው ነሽ።

የመጨረሻው ፈተናሽ ቀን ፎጣሽን ይዤ አጠገብሽ ቆሜ ነበር። ብስክሌትሽ አዳራሹ ውስጥ ባለው መለማመጃ ላይ ታስሯል፤ የኋላ ጎማሽ ሮለሩ የሚባለው ድብልብል ብረት ላይ ይሽከረከራል፤ ላብሽ ከአገጭሽ ጠብ ጠብ ይላል። ለቡድኑ ለመመረጥ ሃያ ደቂቃ ሙሉ በአማካይ 240 ዋት ማውጣት ነበረብሽ። ስትጨርሺ ከመለማመጃው ጋር የተያያዘው የግድግዳው ስክሪን 226 አለ። መሪሽ ላይ የታሰረችው ትንሿ ስክሪን ግን 249 ትል ነበር። እሷ የምታነበው ፔዳልሽ የሚታሰርበት ክንድ ላይ ካለው ከራስሽ የጉልበት መለኪያ ነው። በአንድ ጊዜ፣ በአንድ እግር፣ ሁለት ቁጥር።

«አሰልጣኝ፣ የእኔ እኮ አልፏል» አልሻቸው፤ ትንፋሽሽ ገና አልተመለሰም ነበር።

«የራስ ሚዛን ለባለቤቱ ያደላል» አሉሽ። «እኔ ሁሉንም የምለካው በአንዱ ነው።»

ትከራከሪያለሽ ብዬ ስጠብቅ አንቺ ጎንበስ ብለሽ ጫማሽን ፈታሽ። ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ «ሰውነቴ ከድቶኛል፤ በቃኝ» ብቻ አልሽኝ። ብዙም ሳትቆዪ ሌላ ከተማ ፋርማሲ ውስጥ ሥራ አገኘሽና ብስክሌቱን ለእኔ ጥለሽ ሄድሽ። እኔም አመንኩሽ። ሰውነትሽ የከዳሽ መሰለኝ።

ዘንድሮ ተራው የእኔ ሆነ። ለልምምድ በተፈተንኩ ቀን ያንቺ መለኪያ 258 ሲለኝ ግድግዳው 221 አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። ባቡር የምንላትን ልጅ ታስታውሻታለሽ፣ ያቺ አንዴ መስመሯን ከያዘች ዞር የማትለዋ። «አንቺ እኮ ደጅ አንበሳ፣ አዳራሽ ድመት ነሽ!» አለችኝ። አሰልጣኙ ለእኔም ያንኑ የሚዛን ተረታቸውን ደገሙልኝ። ቃል በቃል አንቺን ያሉሽን ስሰማ ያንቺ ሁለት ቁጥሮች ትዝ አሉኝ።

እቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። ለደንበኛ የምትሰፋውን ሱሪ ጨርቅ እየቆረጠች ነበር፤ መቀሷን እንኳ አላስቀመጠችም።

«በሁለት ዓይነት ሜትር የለካ ልብስ ሰፊ የሱሪው አንድ እግር ያጥርበታል» አለች። «ታዲያ ሁለቱን ሜትር ጎን ለጎን ዘርግቶ ማየት ነው እንጂ ምን ያስለቅሳል?»

«አላለቀስኩም።»

«እሺ፣ አፍንጫሽን ጥረጊና ሂጂ።»

ሄድኩ። አሰልጣኙን የአዳራሹን ቁልፍ ለእሑድ እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው።

«ሰበብ ፍለጋ ከሆነ ጊዜሽን አታጥፊ» አሉ።

«ሰበብ አይደለም፤ ልኬን ነው የምፈልገው። አንሼ ከተገኘሁም ልወቀው።»

ቁልፉን እያቅማሙ ሰጡኝ። ባቡርም ልትስቅብኝ ይሁን ልትረዳኝ እንጃ፣ የራሷን ፔዳሎች ይዛ መጣች። የእሷ ፔዳሎች ቀኙንና ግራውን እግር ለየብቻ ይለካሉ። ያንቺ መለኪያ ደግሞ ያለው በግራው ክንድ ብቻ ነው፤ የግራውን ወስዶ በሁለት ያባዛዋል። ፔዳሎቿን ብስክሌትሽ ላይ አሰርንና ረገጥኩ። ያንቺ መለኪያ 258 ሲል ፔዳሎቹ 243 አሉ።

አየሽ፣ ልጅ ሆኜ ከተሰበረ ጀምሮ የቀኝ እግሬ ጉልበት ከግራው ያንሳል። ጠንካራውን እግሬን እያባዛ ለካ ሲሸነግለኝ ኖሯል! ፈልጌ ያመጣሁት እውነት መጀመሪያ የነከሰው እኔኑ ነው። ባቡር እንደዚያን ቀን አዝናልኝ አታውቅም።

«እንተወው?» አለችኝ።

«ገና ነው» አልኳት። ግድግዳው አሁንም 221 ላይ ነበራ። ከፔዳል እስከ ጎማ ባለው መንገድ ካቴናውና ጥርሶቹ ትንሽ ጉልበት መብላታቸው ያለ ነው፤ ከመቶ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት። ይሄ ግን ወደ ዘጠኝ ይጠጋል። የሷን ብስክሌት አሰርን፤ ያው ጉድለት። እንግዲህ ወይ ሁላችንም ሌቦች ነን፣ ወይ መለማመጃው ነው።

ተንበርክከን አየነው። ሮለሩ ጎማው ላይ ከመጠን በላይ ጠብቆ ጎማውን አሰርጉዶታል፤ ስነካው እጄን አቃጠለኝ፤ ሥሩ ጥቁር የጎማ ብናኝ ተከምሯል። የምረግጠው ጉልበት መለኪያው ጋ ሳይደርስ ጎማውን በማሸት ያልቅ ነበር። ሮለሩን ጎማው ላይ የሚያጠብቀውን ቡሎን አላላነው፤ ጎማው እንዳይንሸራተት ብቻ አድርገን መልሰን አሰርነው። ከዚያ ማሽኑ ራሱን እንዲያስተካክል፣ መመሪያው እንደሚለው አሙቀነው፣ አፍጥነን ለቀቅነውና ራሱ እስኪቆም ጠበቅን። እንደገና ወጥቼ ረገጥኩ። ፔዳሎቹ 243፣ ግድግዳው 236።

ባቡር ጮኸች። እኔ አሰልጣኙ ጋ ደወልኩ።

መጥተው ሁለቱን ስክሪኖች ደጋግመው አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ቡሎኑን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር።

«ይህን ያጠበቅኩት እኔ ነኝ» አሉ። «የአንዷ ጎማ በፈተና መሀል ተንሸራቶ ልትወድቅብኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጥርቅም አደረግኩት። ከዚያ ወዲህ ነክቼው አላውቅም።»

«በማግስቱ መጀመሪያ የተፈተነችው ማን ነበረች?»

ያውቁታል። እኔም አውቀዋለሁ። ግን ከአፋቸው ልስማው ብዬ ጠበቅኩ።

«እህትሽ» አሉ።

ካንቺ በፊት የተፈተኑት በላላው ሮለር ነው ያለፉት። ካንቺ በኋላ የመጣነው ሁላችንም ደከምን ተባልን። ስልክ ስታዩ እያደራችሁ ነው፣ ጣፋጭ ታበዛላችሁ፣ ዘንድሮ ልጅ የለም፣ ያልተባልነው ነገር የለም። የአንድ ቡሎን ኃጢአት በእኛ ላይ ተነበበ።

አሁን ደህና አድርገሽ አንብቢኝ። የባቡርን ፔዳል ተውሰሽ የሰነበትሽበትን ጊዜ ታስታውሻለሽ? ቀኝና ግራሽ እኩል ለእኩል እየወጣ «ዳኛ» እያልን ስንቀልድብሽ? ያንቺ እግሮች እኩል ናቸው። የግራሽ ቢባዛ የሁለቱን ልክ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ የዚያን ቀን መሪሽ ላይ የነበረው 249 እውነት ነው። ካቴናው የሚበላውን ብንቀንስልሽ 241 ነው። አልፈሽ ነበር እህቴ። ሰውነትሽ አልከዳሽም። እኛ ነን ያላመንነው።

የእኔን ደግሞ ልንገርሽ። በተስተካከለው መለማመጃ የመጨረሻው ፈተና ተደረገ። 237 አወጣሁ፤ ሦስት ዋት ጎደለኝ። አሰልጣኙ እስክለምናቸው የጠበቁ ይመስላሉ፤ ባለዕዳ ሆነዋልና ቢያሳልፉኝ የሚቃወም አልነበረም።

«ልክ ነው፤ እንዳለ ይጻፉት» አልኳቸው።

ተጠባባቂ ሆኛለሁ። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው፤ ግን የጎደለኝ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ቀኝ እግሬ ውስጥ ነው። በየጠዋቱ ደረጃችንን በቀኝ እግሬ ብቻ እየዘለልኩ እወጣለሁ። እማዬ «ጎረቤት አበደች ይልሻል» ትላለች፤ እሷው ራሷ ግን ዝለይ ዝለይ እያለች ትቆጥርልኛለች። ለሚቀጥለው ምርጫ 240ን አልፈዋለሁ። አልፈው ይሆናል አላልኩሽም፤ አልፈዋለሁ።

አሰልጣኙ ስልክሽን ጠይቀውኛል። «ምን ብዬ ልጀምር?» አሉኝ። «‹አጥፍቻለሁ› ብለው ይጀምሩ፤ የቀረውን እሷ ትቀጥላለች» አልኳቸው። መጀመሪያ ከእኔ እንድትሰሚው ስለፈለግኩ ደብዳቤው እስኪደርስሽ እንዲታገሡ አድርጌያለሁ። ብታነሺላቸውም ባታነሺላቸውም የራስሽ ፈንታ ነው።

ተመልሰሽ ተወዳደሪ እያልኩሽ አይደለም። ፋርማሲውን ወደሽው ከሆነ እሰየው። ብስክሌት ከተውሽ ግን አንቺ ስለፈለግሽ ተዪው፤ የሰው ቡሎን ስለጠበቀ አይሁን።

ብስክሌቱ ያንቺ ነው። እኔ የክለቡን አሮጌ ተረክቤያለሁ። ቅዳሜ ያንቺን አውቶቡስ ላይ ጭኜ እመጣለሁ፤ መናኸሪያው ጋ ጠብቂኝ። ካጣሁሽ ኮርቻውን ለቁመቴ ዝቅ አድርጌ እስከ ደጅሽ እየነዳሁት እመጣለሁ። ወደ ቤትሽ የሚያወጣው ዳገት ረጅም ነው አሉ። ይሁን።

ታናሽሽ
ሚጣ