ግድግዳ ላይ እስካለ ድረስ ቆሻሻ አይደለም

ለተከበሩ የቆሻሻ ምደባና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ ጸሐፊዎ፣ እንዲሁም በሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ ቆሞ ውሃ የማይሰጠው የውሃ ማቀዝቀዣ ሳይቀር በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነችው የልጅ ልጄ ናት፤ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እንድጽፍልዎ ያስገደደኝም የእሷ ነገር ነው።

አምስት ወር ሙሉ ደጅዎን ስጠና ስለከረምኩ መልኬን ሳይለምዱት አይቀሩም። ኮፍያው ላይ ኖራ የማይጠፋው፣ ከአግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ሽማግሌ እኔ ነኝ። ጉዳዬን ግን እስካሁን ከሥሩ የሰማኝ ስለሌለ፣ ጊዜዎን እንደምሻማ እያወቅሁ፣ ከመጀመሪያው እንዳስረዳዎ ይፍቀዱልኝ።

ሙያዬ ልስን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ግድግዳ ሳለሰልስ ኖሬያለሁ። ከሰፈራችን ጀርባ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰባበረ የሚያቀልጥ ድርጅት አለ። ባለቤቱ ከምድጃው የሚወጣውን ግራጫ አመድ በጆንያ እየሞላ ከአጥሩ ውጭ ይደረድረዋል፤ በላዩም «የሚፈልግ ይውሰድ» የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል። ነጻ ነገር ማን ይጠላል? አመዱን በቀጭን ወንፊት ነፍቶ ከመጨረሻው የልስን ሽፋን ጋር የቀላቀለው ሰው፣ ግድግዳው እንደ እንቁላል ቅርፊት ልስልስ እንደሚልለት ቀድሜ የደረስኩበት እኔ ነኝ። አልዋሽዎትም፣ ኮርቼበት ነበር፤ «ያንን የአመዱን ልስን ሥራልን» እያሉ የሚጠሩኝ ሰዎችም ነበሩ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእንደኔ ያለው ነው።

የሥራ ደብተሬን ገልጬ ስቆጥር በዚያ አመድ የለሰንኳቸው ክፍሎች አሥራ ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ልጄ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ስትቃረብ በስጦታ የሠራሁላት ክፍል ነው። የተወለደችው ልጅ አሁን አራት ዓመት ሞልቷታል። አልጋዋ ግድግዳውን ተጠግቶ ነው የቆመው፤ ከትራሷ አጠገብ ያለውን ልስን እርጥበት መትቶት ኖሮ ይላጣል። እናትየው አንድ ቀን ሥሩን ልትጠርግ አልጋውን ስትስበው የጎድጓዳ ሳህን ያህል የተቦረቦረ ቦታ አገኘች። ልጅቷ ጣቷን እያራሰች ስትልሰው ከርማለች። ከዚያ በፊት ነበር ሆዷን እያመማት፣ ፊቷ እየገረጣ የመጣው። እስከ ሃያ ስትቆጥር የነበረች ልጅ አሁን ሰባት ላይ ስትደርስ ቆም ትልና ቀሪውን ከእኛ ፊት ላይ እንደምታነብ ሁሉ ታየናለች።

የጤና ጣቢያው ሐኪም ደሟን አስመርምራ መርዘኛ ከባድ ብረት ተገኝቶበታል አለችን። ልጅቷን በዚያው ቀን ከክፍሉ እንድናወጣት፣ ግድግዳው ምን እንዳለበትም በሚመለከተው አካል አስመርምረን ማረጋገጫ እንድናመጣ አዘዘች። ልጅቷን ወደ እኛ ቤት አመጣናት። ደግነቱ የእኔ ቤት ግድግዳ እስከ ዛሬ አልተለሰነም። ሚስቴ ዕድሜ ልኳን ስትነዘንዘኝ የኖረችበት ስንፍናዬ ለልጅቷ መሸሸጊያ ሆናት።

ልጄ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የሕፃኗን ልብስ እያጣጠፈች፣ ቀና ሳትል «አባዬ፣ ያኔ ሲለስኑት ውሃ ሳቀብልዎ የነበርኩት እኔ ነኝ» አለችኝ።

ቀሪዎቹን አሥር ቤቶች በእግሬ ዞሬ ነገርኳቸው። (አሥራ ሁለተኛው ለጊዜው ይቆየን፣ እመለስበታለሁ።) ሦስቱ አልጋቸውን ከግድግዳው አራቁ። ሰባቱ ግን መጥፎ ነገር ቢሆን ኖሮ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይነግረን ነበር ብለው ወረቀት አምጣ አሉኝ። አንዷ ልብስ ሰፊማ ሥራ ጠፍቶብኝ የለሰንኩትን አፍርሼ እንደገና ልለስን የመጣሁ መስሏት ከት ብላ ሳቀችብኝ። አልፈርድባትም፤ በእኛ ሙያ ያልተደረገ ነገር አይደለም። በእነዚያ ሰባት ቤቶች ውስጥ አሥራ ስድስት ልጆች ይተኛሉ። እንግዲህ የምለምንዎ ወረቀት ለእነሱ የምታስፈልግ አንዲት ገጽ ናት፦ ይህ አመድ በሕግ አደገኛ ነው ወይስ አይደለም የምትል።

ይህችን አንዲት ገጽ ስፈልግ ጽሕፈት ቤትዎ ላደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. አንድ ነገር አደገኛ ቆሻሻ ከመሆኑ በፊት ቆሻሻ መሆን እንዳለበት ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። መነጽር የሚያደርጉት የምደባ ባለሙያዎ በትዕግሥት እንዳስረዱኝ፣ ቆሻሻ ማለት ባለቤቱ የጣለው ነገር ነው፤ ባለማቅለጫው ግን አመዱን አልጣለውም፣ ሰዎች ፈልገው ይወስዱታል፣ ስለዚህ ቆሻሻ ሳይሆን ጥቅም ላይ የዋለ ተረፈ ምርት ነው። ለዚህም ማስረጃ አለ ብለው አንድ መዝገብ ገለጡልኝ። ከአጥሩ ሥር አመድ የወሰደ ሁሉ እንዲፈርምበት ይደረግ የነበረ መዝገብ ነው። እኛ ለሥርዓት መስሎን ነበር። በመጀመሪያው ገጽ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ የእኔ ፊርማ ቁጭ ብሏል፤ በአጠገቡም ደስ ብሎኝ በገዛ እጄ «ለልስን እጅግ ተስማሚ ነው» ብዬ የጻፍኩት አስተያየት አለ። ከሳሹም እኔ፣ የተከሳሹ ምስክርም እኔ ሆኜ ወጣሁ።

፪ኛ. ሰንጠረዡን ስላሳያችሁኝም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። የባትሪ ማቅለጫ አመድ በሰንጠረዡ ውስጥ በግልጽ አደገኛ ተብሎ ሰፍሯል። ይህን ሳይ በቃ ተገላገልኩ ብዬ ከወንበሬ ልነሳ ስል፣ ባለሙያው በትሕትና መልሰው አስቀመጡኝ። የድርጅቱ የንግድ ፈቃድ የሚለው «የብረታ ብረት ጥገና» ነው፤ የጥገና አመድ ደግሞ በሰንጠረዡ የለም። ባትሪ ሲያቀልጥ መላው ሰፈር በዓይኑ ያየዋል ብላቸው፣ ሰንጠረዡ የሚያውቀው ፈቃዱን እንጂ ሰፈሩን አይደለም ብለውኛል። መርዝ ወደ ሰው ደም ከመግባቱ በፊት የንግድ ፈቃድ አንብቦ እንደሚገባ እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። መማር ለሽማግሌም አይከፋም።

፫ኛ. በስድስተኛው ሳምንት እርስዎ ራስዎ ቢሮዎ አስገብተው ስላነጋገሩኝ ውለታዎ አለብኝ። ያን ያህል ለምን እንደቆየሁ ብጠይቅዎ፣ ሁሉም ነገር በተራው ነው፣ ተራ መጠበቅ የሥልጣኔ ምልክት ነው ብለው መክረውኛል፤ ምክሩን ይዤዋለሁ። ናሙና ላምጣና ይመርመርልኝ ስልዎም፣ ናሙና ማቅረብ የሚችለው የቆሻሻው አመንጪ ብቻ መሆኑን፣ እኔ ግን ተጠቃሚ መሆኔን ነገሩኝ። ቢያንስ ግድግዳው ይመርመር ብዬ አጥብቄ ስለምንዎ፣ እንደ አባት ፈገግ ብለው ከወንበርዎ ጀርባ ያለውን ያንን ልስልስ ግድግዳ በመዳፍዎ እየዳበሱ የተናገሩት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፤ «አባባ፣ ግድግዳ ላይ እስካለ ድረስ ግድግዳ ነው እንጂ ቆሻሻ አይደለም። አሁን ይሄን ቆሻሻ ይሉታል?» አሉኝ።

በዚያች ደቂቃ አፌ ላይ የመጣ ነገር ነበር። ነገር ግን ትልቅ ሰው ሲናገር ማቋረጥ ነውር ነው ተብዬ ስላደግሁ ዋጥኩት። በዚህ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ያገኙታል።

፬ኛ. ከግድግዳው የተፈቀፈቀው ግን ቆሻሻ እንደሚሆን፣ የፈቀፈቀውም ሰው አመንጪ እንደሚባል ስለነገሩኝ፣ ከቢሮዎ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ልጄ ቤት ሄድኩ። ሁሉንም አስወጥቼ፣ አፍና አፍንጫዬን በእርጥብ ጨርቅ አስሬ፣ ግድግዳውን ውሃ እያጠጣሁ በመሮ መዳፍ የምታህል ቦታ ፈቀፈቅሁ። በሕይወቴ የሠራሁትን ግድግዳ ሳፈርስ የመጀመሪያዬ ነው። መሮው ሥር እንደ ሐር ለስላሳ ሆኖ ሲወጣ ሳየው፣ ምን ያህል ተጠንቅቄ እንደነፋሁት ትዝ አለኝና አለቀስኩ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ፣ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ከትቼ፣ በማግሥቱ አመንጪ ሆኜ ደጅዎ ቀረብኩ።

ለዘበኛዎ የማቀርበው ምስጋና ግን ከሌላው የተለየ ነው፤ አሽሙር የለበትም። ያ ሰው ቆርቆሮው ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀኝ። የባትሪ ማቅለጫ አመድ የተቀላቀለበት ልስን ነው፣ የልጅ ልጄ ልሳው ታማለች አልኩት። ሰንጠረዥ አልገለጠም፣ ፈቃድ አልጠየቀኝም። ሁለት እርምጃ ወደኋላ አለና እጁን በሩ ላይ ዘርግቶ፣

«አባባ፣ ይሄን ነገር ወደ ውስጥ እንዳያስገቡት። ሰው አለ» አለኝ።

ቆርቆሮውን አጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩ። እሱም ሕፃናት እንዳይነኩት ዙሪያውን በድንጋይ ከለለው፣ ከዚያ ወደ ቧንቧው ሄዶ እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበ። እኔንም አስታጠበኝ። ክቡር ሆይ፣ ጽሕፈት ቤትዎ በአምስት ወር ያልመደበውን አመድ ይህ ሰው በአንዲት ደቂቃ መደበው። ውስጥ ገብቼ ስመዘገብ ግን «ያልተመደበ፤ ውጭ የተቀመጠ» ተብሎ ተጻፈልኝ። አደገኛ ካልሆነ ለምን ውጭ ይቀመጣል ብዬ ብጠይቅ መዝገቡን ዘግተው ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠሩ። ውሃ ቢወቅጡት ያው እንቦጭ ነው ብዬ ወጣሁ።

ቆርቆሮው ዛሬም እዚያው አለ። ሠራተኞችዎ ሲገቡና ሲወጡ መንገዱን ትተው በሣሩ ላይ ዞረው እንደሚያልፉ በዓይኔ አይቻለሁ። በጣም ጥሩ ነው፣ ጤናችሁን ጠብቁ። የሰባቱ ቤት ልጆች ግን ዞረው የሚያልፉበት ሣር የላቸውም፤ ራሳቸውን አስጠግተው የሚተኙት በአመዱ በተለሰነው ግድግዳ ሥር ነው።

ስለዚህ ልመናዬን አሳጥሬዋለሁ። ምርመራው የሚቻል ከሆነ ይመርመር፤ ባለማቅለጫውም ያንን ሰሌዳ እንዲያነሳ ይታዘዝ። ዛሬ ጠዋት ሳልፍ ጆንያዎቹ በቁጥር ጨምረው ነበር፤ አንድ ወጣት ለሳኝም፣ ሥራው የሚያምርለት ዓይነት ልጅ፣ በጋሪ ሲጭን አግኝቼ ለምኜ አስወረድኩት። ነገ እኔ ሳልኖር ይመጣል። ምርመራው የማይቻል ከሆነ ደግሞ ዘበኛዎን ለአንድ ቀን ብቻ ያውሱኝ። በሰባቱ ቤቶች ደጃፍ አቁሜው ያንኑ ቃል ይድገምልኝ። እኔን የማያምኑኝ ሰዎች የደንብ ልብሱን ሲያዩ ያምኑት ይሆናል።

የልጅ ልጄ ትናንት እስከ ዘጠኝ ቆጠረች። ሐኪሟ ተስፋ አለ ትላለች፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን አልነገረችንም፣ እኛም ለመጠየቅ አልደፈርንም።

ውድ ጊዜዎን ሰውተው እዚህ ድረስ ካነበቡልኝ ዘንድ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ በመጀመሪያ «አቤቱታ አቅራቢ»፣ ቀጥሎ «ተጠቃሚ»፣ በስተመጨረሻም «አመንጪ» ተብዬ፣ አመዱ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመደብ እኔ ሦስት ጊዜ የመመደብ ክብር ስላገኘሁ፣ ይህን ክብር በትሕትና ተሸክሜ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
በሰፈሩ ለሳኙ፣ በቤቱ አያት የሆነው ተገልጋይዎ

ማሳሰቢያ፦ አሥራ ሁለተኛውን ክፍል እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ሕንጻዎ ሲታደስ ሥራ ተቋራጩ የሦስተኛውን ፎቅ ልስን ለእኔ ሰጥቶኝ ነበር። ከወንበርዎ ጀርባ ያለው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚዳብሱት ያ ግድግዳ የእጄ ሥራ ነው፤ የመጨረሻው ሽፋኑም ከዚያው ጆንያ የወጣ ነው። ግድግዳ ላይ እስካለ ድረስ ግድግዳ ነውና አይሥጉ። ምናልባት ሐሳብዎን ከለወጡ፣ መሮዬንና እርጥብ ጨርቄን ይዤ ያለ ምንም ክፍያ መጥቼ እፈቀፍቅልዎታለሁ። የምጀምረው ግን ልጆች ከሚተኙባቸው ቤቶች ስለሆነ የእርስዎ ተራ አሥራ ሁለተኛ ነው። ተራ መጠበቅ የሥልጣኔ ምልክት መሆኑን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎትና ቅር እንደማይልዎ አምናለሁ።