አርባ አንድ ጂ.ቢ. ባዶ ቦታ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 19። ከቀኑ 8፡10

ዛሬም ጌሙ ሁለተኛው ዙር ላይ ድርግም። መኪናዬ መታጠፊያው ላይ እንዳለች ስክሪኑ ጠቆረ፣ ከዚያ ያው የታወቀው መልእክት፤ ቨርቹዋል ሜሞሪ አልቋል። ደብተሬ፣ ላስረዳሽ። የዚህ ኮምፒውተር ራም፣ ማለትም እየሠራ ነገሮችን የሚይዝበት ቦታ፣ 4 ጂ.ቢ. ብቻ ነው። ጨዋታው ሲከብደው ከሃርድ ዲስኩ ላይ ቦታ ቆርሶ እንደ ራም ይጠቀምበታል። የሚቆርሰው ካጣ ይዘጋል። ቦታ ደግሞ የለም። ሲ በሚባለው የዲስኩ ክፍል ላይ 900 ሜ.ቢ. ቀርቷል። ሌላው ክፍል፣ ዲ፣ እስከ አፍ ገደፉ የወንድሜ የብሩክ የሰርግ ቪዲዮ ነው፤ ከመ/ቤት ውጭ የሚሠራው ሥራ።

የመኪና ውድድሩ የዛሬ ሳምንት፣ ሜክሲኮ ጌም ቤት። ከአሥራ ስድስት ተጫዋች ሴቷ እኔ ብቻ። ካልተለማመድኩ መሳቂያ ነኝ።

9፡30

የራሴን ሁሉ አጠፋሁ። ፊልሞች፣ የኮሌጅ ስላይዶች፣ የስልኬ ፎቶዎች። 6 ጂ.ቢ. ብቻ! አይበቃም።

ብሩክ ፎልደሮቹን በቁጥር ነው የሚሰይመው። ሰርግ 31፣ ሰርግ 32... ባለቤቶቹ የተረከቡትን መሰረዝ ትችያለሽ ብሎኝ ያውቃል። ጾሙ ከገባ ወር አልፎታል፣ በጾም ሰርግ የለም። ስለዚህ ዲ ላይ ያለው በሙሉ ያለቀና የተሰጠ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ሰርግ 34፤ 41 ጂ.ቢ.። ከፍቼ እንኳ አላየሁትም። ሺፍትና ዲሊት ተጫንኩ። የቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ እንኳ ሳይገባ በዚያው ሄደ።

ቨርቹዋል ሜሞሪውን ዲ ላይ 16 ጂ.ቢ. አደረግኩት። አጥፍቼ አበራሁ። ኧረ ሠራ! አምስት ዙር፣ አንዴም ሳይዘጋ!

እሑድ 20። ከሰዓት

ጨዋታው የ19 ጂ.ቢ. ማሻሻያ ጠየቀ። ይውሰድ፣ ዲ ላይ ቦታ አለ። ቀኑን ሙሉ ስጫወት ዋልኩ። እማዬ ከልደታ ማርያም ተመልሳ ለምን ቅዳሴ እንዳልመጣሁ ጠየቀችኝ፤ ራሴን አሞኝ ነው አልኳት። ደህና ነኝ። እንዲያውም በጣም ደህና።

ሰኞ 21። ምሽት 12፡45

እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው። ጽሑፌን ይቅር በይኝ።

ብሩክ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ረቡዕ የሰዓዳን ሰርግ ማቀናበር እጀምራለሁ አለ። ሰዓዳ የጋሽ ይመር ልጅ ናት፤ የጌጃ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ። መንገድ ላይ አግኝተውት እባክህ ቶሎ በልልኝ ብለውታል። ልጅቷ ከባሏ ጋር ደሴ ገብታለች፣ በየቀኑ እየደወለች የአባቷን ምርቃት አሰሙኝ ትላለች። ከቤት ስትወጣ በእልልታውና በለቅሶዋ መሀል አንድም ቃል አልሰማችም። ስንተኛው ፎልደር ነው አልኩት። 34።

ጾሙ የእኛ ነው። የእነሱ በኢድ አልቋል፣ ሰርጉም ከኢድ በኋላ ነበር። እማዬ ሄዳ አጨብጭባ መጥታለች። እኔ ራሴ ከዚያ የተላከልንን ተምር በልቻለሁ! ያንን ተምር የበላ አፍ በጾም ሰርግ የለም ይላል? ደንቆሮ ነኝ፣ ደብተሬ። በቃ ደንቆሮ።

የካሜራውን ካርድ እንደ ዘበት ጠየቅኩት። ለሌላ ሥራ አጽድቶታል፤ ቪዲዮው ኮምፒውተሩ ላይ ስላለ። አልነገርኩትም።

ማክሰኞ 22። ረፋድ 5፡20

ቤዛ ጋ ሄድኩ፤ የኮሌጅ ጓደኛዬ ናት፣ ሜክሲኮ ኮምፒውተር ትጠግናለች። የተሰረዘ ፋይል ወዲያው አይጠፋም አለችኝ። ቦታው ባዶ ነው ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ቪዲዮው እዚያው ተኝቷል። ደስ ብሎኝ ልጮህ ነበር። ከዚያ፣ ላዩ ላይ ሌላ ነገር ጽፈሻል ወይ አለችኝ። ማሻሻያ፣ 19 ጂ.ቢ.። ቨርቹዋል ሜሞሪ፣ 16። በስልኳ ደመረች፤ 35፣ ከ41።

ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር ቨርቹዋል ሜሞሪው ራሱ እየጻፈ የቀረውን ይበላዋል። እንዳይበራ፣ ዲስኩን ነቅለሽ አምጪልኝ አለች። ዲስኩን ከነቀልኩ ግን ብሩክ ያውቃል። ቤት መጥቼ የኃይል ገመዱን የክረምት ልብስ ሻንጣ ውስጥ ደበቅኩት። የሃያ አራት ዓመት ሴት!

ምሽት 1፡00

ገመዱ ተቃጥሏል አልኩት። አመነኝ። ነገ ከመ/ቤት ሌላ አመጣለሁ አለ።

ረቡዕ 23። 11፡30

አመጣ። ሰካው። ጣቱ ማብሪያው ላይ ሲደርስ፣ እንዳታበራው ብዬ ጮህኩ። እማዬ ከጓዳ ሮጣ መጣች። ሁሉንም ነገርኩት፤ ጾሙን፣ ጌሙን፣ ገመዱን። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ምርቃቱም?»

ዲስኩን አብረን ነቅለን ለቤዛ ወሰድንላት።

ዓርብ 25። ከሰዓት

ከ58 ክሊፕ 44 ተረፈ። ኒካሑ አለ። ጭፈራው አለ። ምሳው፣ መኪኖቹ፣ ሁሉም አለ። ምርቃቱ የለም። ቤዛ ሦስቴ ሞከረች፤ የፋይሉ ስም አለ፣ ሲከፈት ግራጫ። የጋሽ ይመር ድምፅ በነበረበት ቦታ ላይ የእኔ ጌም ተቀምጧል።

ብሩክ የዚያን ቀን ያህል ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም ይላል። ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ልብስ ሲለኩኝ እንኳ በእጃቸው ነው ዞር በይ የሚሉኝ። ምን ብለው መረቁ ስለው፣ ካሜራውን እያስተካከልኩ ልብ አላልኩም አለ።

ነገ ጠዋት ካሜራው ተበላሸብኝ ሊላቸው ነው። አንቺ ዝም በይ፣ ሰፈሩ አፉ ክፉ ነው አለኝ። እሺ አልኩ። ቶሎ ብዬ እሺ ማለቴ አሳፈረኝ።

ቅዳሜ 26። ጠዋት 3፡15

ብሩክ ሸሚዙን ይተኩሳል። ውድድሩ 5 ሰዓት ይጀምራል፣ ስልኬ ሦስቴ ጠራ፣ አላነሳሁም።

ካሜራው ነው ካለ ማን ደግሞ ሰርግ ይሰጠዋል? እሱ ምን አጠፋ? ጋሽ ይመርም ድምፃቸው መጀመሪያውኑ አልተቀዳም ብለው ይቀመጣሉ።

ወሰንኩ። አብሬው እሄዳለሁ፣ እሱ አፉን ሳይከፍት እኔ እናገራለሁ። ጋሽ ይመር፣ ምርቃትዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ለጌም ቦታ ፈልጌ። ለጌም የምትለዋን ልዝለላት ብዬ ነበር። አልዘልላትም። ከዚያ ምን ብለው እንደመረቋት ካስታወሱ፣ እዚያው ፊታችን ለሰዓዳ እንዲደውሉላት እለምናቸዋለሁ።

ካላስታወሱስ?

ብሩክ በሩ ላይ ቆሟል። ልሂድ።