የተረፈው ሳህን

ውድ ማኖንግ ኤልሞ፣ ታላቄ፤

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ በቀጥታ ማክሰኞ ዕለት ስለሆነው ልንገርህ። አጎት ታሲዮ ቢነግርህ የራሱን ይጨምርበታል፤ ታውቀዋለህ።

አሁን በየደሴቱ የምናዞራቸውን ጎብኚ እንግዶች ዓሣ ሊያዩ ውሃ ውስጥ የማስገባው እኔ ነኝ። ታሲዮ የጀልባችንን መሪ እንደያዘ ነው፤ እማዬም እንደ ድሮው ምሳ ታበስላለች። ሥራህን ስወርስ የዋና መነጽርህንም ወረስኩ፤ ላስቲኩ ይሰፋኝ ስለነበር ቋጥሬዋለሁ። ቀልዶችህን ግን አልወረስኩም።

አንተ ያላየኸው አንድ ነገር አለ። ያን ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ ሳለን፣ የዓሣ አጥማጁ የበርቲንግ ጀልባ ሞተሩ ጠፍቶ ማዕበሉ ወደ ገደሉ እየገፋው ነው ሲሉህ ልታድነው ሩዝህን በግማሽ ትተህ ተነሳህ። ሰው ከማዕድ ተነስቶ ሲወጣ የቀሩት ሳህናቸውን ያዞራሉ፣ መንገደኛው በሰላም እንዲመለስ። አንተ በዚህ ስትስቅ ነው የኖርከው። በሩን እንደወጣህ እማዬ "አዙሩ" አለችን፤ አዞርን። እሷ ነፋሱን ሰማችና የራሷን ደግማ አዞረች።

በርቲንግ ከጀልባው ጎን የሚታሰረውን የቀርከሃ ክንፍ እንዳቀፈ ተገኘ። አንተን ግን ባሕሩ አልመለሰልንም።

ከዚያ ወዲህ እማዬ ማታ ማታ እራትህን ታወጣለች፤ በሌላ ሳህን ትከድነዋለች፤ ጠዋት ላይ ለውሻው ትሰጠዋለች። የሙታን ቀን ሲደርስ ቄሱ የሟቾችን ስም ሲሰበስቡ ያንተን ላስመዘግብ ብነሳ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። "ማን ሞተና? ሳህናችንን አዙረናል እኮ" አለችኝ። ሻማ አልበራልህም። ጎረቤቶችም ሊያጽናኗት ሲመጡ ስለ ዶሮ ዋጋ እያወራች ትሸኛቸዋለች። በርቲንግ እሑድ እሑድ ከያዘው ዓሣ መርጦ ደጃፋችን ላይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ እኔ እጠብሰዋለሁ፣ እሷ አትቀምሰውም። የእናትን ተስፋ በየትኛው አፌ ልቁረጥ? ግን ያልተለቀሰለት ሰው ቤት ውስጥ ሲውል ሲያድር እንዴት እንደሚከብድ አልነግርህም።

ማክሰኞ ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር፤ ጸጥ ያለ። እንግዶቹ ከየቦታው የተሰባሰቡ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ናቸው። የምሳውን ቅርጫት የምታዘጋጀው እማዬ ናት። መጀመሪያ የእኛን ሳህኖች ታስገባለች፤ ከዚያ አንድ እንግዳ መወጣጫዋን በረገጠ ቁጥር አንድ ትጨምራለች። ምሳ ላይ ሳህን ካልተረፈ ሰው አልጎደለም ማለት ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስም ተርፎ አያውቅም። "ወረቀት ይረጥባል፣ ታሲዮ ይሰክራል፣ ሳህን ግን አይሳሳትም" ትል የለ? አንተም ከወረቀቱ ይልቅ የእሷን ሳህን ነበር የምታምነው።

ከኢሎኢሎ የመጡ እማማ ኮንሲንግ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። በመጀመሪያው ደሴት ውሃውን ፈርተው አሸዋው ላይ ተቀመጡ፣ ሁለተኛውም ላይ እንዲሁ። ከሦስተኛው ደሴት ፊት ለፊት፣ አንተ የምትወደው የኮራል አለት ጋ ስንደርስ፣ መነጽሩን አጥልቀው የጀልባዋን መሰላል ጨብጠው ቀሩ። ለፈሪ ሰው የምትላት ነገር ምላሴ ላይ መጣች፦ ባሕር ሰው አይበላም፣ ጨው ያበላል እንጂ። ዋጥ አደረግኋት። እጃቸውን ብቻ ያዝኩና አብረን ገባን። ከታች ቢጫ ዓሦቹ ሲመጡላቸው በመተንፈሻው ቱቦ ውስጥ ሲስቁ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ እጄን የለቀቁት ለምሳ ስንወጣ ነው።

እማዬ በአሸዋው ላይ የሙዝ ቅጠል አንጥፋ ዓሣውን፣ ሩዙን፣ ማንጎውን ደርድራለች። ሁሉም ሳህኑን አነሳ፤ እኛም አነሳን። አንድ ሳህን ቀረ።

እማዬ ሳህኑን አየች፤ ባሕሩን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። "ሰው ውሃ ውስጥ ቀርቷል" አለች።

ታሲዮ ጉርሻውን ጥሎ የእንግዶቹን ስም ዝርዝር ሊያመጣ ወደ ጀልባዋ ሮጠ። እኔ አልጠበቅሁትም፤ መነጽርህን አጥልቄ ገባሁ። ከትልቁ ድንጋይ ሥር ፈለግሁ፤ ኤሊዋ የምትተኛበት ዋሻ ውስጥ እጄን ሰደድኩ። ትንፋሽ ሲያጥረኝ ወጥቼ መልሼ ጠለቅሁ። ታች ሳለሁ ነው ማንን እንደምፈልግ ያወቅሁት። እንግዶቹ ሁሉ ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሰው ነበር፤ ዓይኔ ግን የሚፈልገው ያንተን የነጣ ሰማያዊ ሸሚዝ ነበር። ስንት ወር ሙሉ በዚህ ውሃ ስገባ ስወጣ አንድም ቀን ዞር ብዬ አልፈለግሁህም ነበር፣ ኤልሞ። ያን ቀን ፈለግሁህ። የለህም።

ስወጣ ታሲዮ ስም ጠርቶ ጨርሷል፤ ሁሉም አቤት ብለዋል። የጎደለ የለም። እንግዶቹ ትንፋሻቸው መለስ ሲል እማማ ኮንሲንግ ክፋት ሳያስቡ "ታዲያ ይሄ ሳህን የማን ነው?" አሉ።

ታሲዮ ወደኔ አየ፤ አጎንብሶ አሸዋ መጫር ጀመረ። እማዬ ፊት ተንበረከክሁ። ውሃው ከፀጉሬ ይንጠባጠብ ነበር።

"የኤልሞ ነው እማዬ። ጠዋት እንደ ድሮው ከኛ ሳህኖች ጋር አስገብተሽለት ነው።"

"አዙረን የለም እንዴ?" አለች።

"አዙረናል።"

"ሁላችንም?"

"ሁላችንም። አንቺማ ደግመሽ ነው ያዞርሽው።"

አልጮኸችም። ሳህኑን አነሳችና ሩዝ ጨመረችበት፤ አንተ ማንንም የማታስነካውን የዓሣውን ራስ ከላይ አደረገች፤ ከማንጎውም ቆረሰች። ቀሚሷን ሳትሰበስብ ባሕሩ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገባች። እንግዶቹ ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው ሳህናቸውን አስቀምጠው ተነስተው ቆሙ። እማዬ ጎንበስ ብላ ምግቡን ቀስ አድርጋ ውሃው ላይ ገለበጠችው።

"ብላ ልጄ" አለች። "ሳትጨርስ ነው የሄድከው።"

ትንንሾቹ ዓሦች መጡ። እሷ እዚያው ቆማ አለቀሰች፤ እኔና ታሲዮ ግራና ቀኝ ይዘናት አለቀስን። ስለ አንተ ሦስታችን አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነው። ለመመለስ ስንነሳ እማማ ኮንሲንግ ሳህኖቹን ሁሉ በባሕር ውሃ አለቅልቀው፣ ያንተንም ጨምረው፣ ቅርጫቱ ውስጥ ደርድረው አገኘናቸው።

ያን ማታ ሦስት ሳህን ብቻ ነው የቀረበው። ረቡዕ ጠዋት እማዬ ጥቁር ለብሳ ቄሱ ጋ ሄደች፤ ስምህን ከሟቾች ስም ጋር ራሷ አስመዘገበች። እሑድ የበርቲንግ ዓሣ ሲመጣ ደግሞ በሩን ከፍታ "ግባ፣ ቁርስ ብላ" አለችው። ሰውየው መቀመጫህ ላይ መቀመጥ አቅቶት ቆሞ በላ።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። አንተ ሁልጊዜ ከውሃ መጨረሻ የምትወጣው ነበርክ፤ ከእንግዲህ መጨረሻ የምወጣው እኔ ነኝ። ማክሰኞ ባየሁት ነገር ፈርቻለሁ። በቆጠራችን አንድ ትርፍ ሰው ካለ፣ አንድ ቀን በእውነት የጎደለውን ሰው ሳናውቅ እንሄዳለን። ስለዚህ ማኖንግ፣ በጸሎት አስብሃለሁ፣ በሙታን ቀን ሻማህን አበራለሁ፣ መነጽርህን ሳጠልቅ በሆዴ እጠራሃለሁ።

ሰው ስቆጥር ግን ከእንግዲህ አልቆጥርህም።

ታናሽህ
ሬሚ