ዐሥራ ስምንት ብዬ የጻፍኳቸው ልጆች

ደባርቅ፣ የካቲት 8 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለአልጣሽ ሀብተ ሚካኤል
በየዳ

አልጣሽ፣

«እኔ ደኅና ነኝ» ብዬ ልጀምር አሰብኩና ተውኩት። ደብዳቤ ሁሉ በዚህ ቃል ይጀምራል፤ ይህኛው ግን በሐሰት እንዲጀምር አልፈለግሁም። አንቺስ እንዴት ነሽ? የእናትሽ እግር ተሻለው? አባታችን ቄስ ሀብተ ሚካኤል በዚህ ውርጭ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ኪዳን ማድረሱን እንደማይተዉ አውቃለሁ። ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የበቅሎ ነጋዴው ውዱ ነው። ሦስት ቀን ይፈጅብኛል ብሏል። መንገድ ላይ የሚፈትሹት ሰዎች ከፍተው ቢያነቡትም ግድ የለኝም፤ የደበቅሁትን ዛሬ ጠዋት ራሴ አውጥቼ ሰጥቻለሁ።

ቤቱ እንደተውሽው ነው። ጎመኑን ውርጭ መታው። ከዶሮዎቹ ሁለቱን ሽለምጥማጥ በላቸው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን ከፍቼ ጥቂት እቆማለሁ፤ አንዱ «መጣህ?» የሚለኝ ይመስለኛል። ከዚያ እገባለሁ።

ስትሄጂ ያልሽኝን አልረሳሁም። «ልጅህን ሲጠሩት ዝም አልክ፤ ከእንግዲህ ከእኔም ጋር ዝም በል» ነበር ያልሽው። ሃያ ቀን ሊሞላኝ ነው። ዝም ያልኩት ስለፈራሁ መስሎሻል። መፍራትማ ፈርቻለሁ፤ የፈራሁት ግን የቀበሌውን ሊቀ መንበር አልነበረም። ከሥሩ ልንገርሽ።

ሚስተር ኮልን ታስታውሺዋለሽ፤ በንጉሡ ጊዜ እዚህ እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረውን ረጅሙን አሜሪካዊ። ቃሪያ በልቶ ሲያለቅስ ስቀሽበታል። ልጃችን ድረስ በተወለደ ዓመት የገናን ጨዋታ አየና ስለ አገሩ አጫወተኝ። ከመቶ ዓመት በፊት ቅድመ አያቱ በሚኖርበት ትንሽ ከተማ ጫማ ሰፊው፣ አንጥረኛው፣ መድኃኒት ሻጩና የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ተሰብስበው የኳስ ማኅበር አቋቋሙ። ቤዝቦል ይሉታል፤ እንደኛው በዱላ የሚመታ ኳስ ነው። ለገንዘብ የሚጫወት ሰው አያስገቡም። የተሳደበ ይቀጣል። ለጎረቤት ከተማ የግጥሚያ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ የመጡትን እንግዶች፣ ቢያሸንፏቸውም ቢሸነፉላቸውም፣ አብልተው ይሸኛሉ። ያሸነፈው ኳሷን ይወስድና ቀኑን ጽፎባት በመስታወት ሣጥን ያኖራታል። ማኅበሩ ጸሐፊ አለው፤ ጸሐፊውም መዝገብ አለው፤ የእያንዳንዱ ተጫዋች ስም፣ ሥራና ዕድሜ ይሰፍርበታል። «ቅድመ አያቴ በምድር ላይ መኖሩ የሚታወቀው በዚያ መዝገብ ብቻ ነው» አለኝ።

እኔም የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ይህ ነገር ልቤ ውስጥ ገብቶ ቀረ። እኛ ገና ስንጫወት የኖርነው ያለ ስም ነው። ዱላ ይዞ መስክ የወረደ ሁሉ ይገባል። ሃምሳ በሃምሳ ሆኖ ሽማግሌው ከጎረምሳው፣ ቄሱ ከወታደሩ ይጋፋል፤ ሲመሽ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ማን እንደነበረ ማንም አይጽፍም። እኔ እንዲጻፍ ፈለግሁ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ፈለግሁ።

በኅዳር ዳባት ላለው ልብስ ሰፊ ለገብረ ክርስቶስ የግጥሚያ ደብዳቤ ላክሁለት። ዐሥራ ሁለት በዐሥራ ሁለት እንሁን፣ ዳኛ ይኑር፣ ያሸነፈ ሩሯን፣ የገናዋን ኳስ፣ ይውሰድ አልኩት። መልሱን ላንቺ አላሳየሁሽም። እንዲህ ይላል፦

«ወንድም ያርጋል፣ ግጥሚያውን ተቀብለናል። በቁጥር መሆኑ ደግ ነው፤ የከብት ገበያ ከሚመስል። ነገር ግን አምና በእግራችን መሐል የሚሽሎኮለኩ ጨቅሎች አሰልፋችሁ መሣቂያ አድርጋችሁናል። ልጅን በዱላ መምታት ነውር ነው፤ አለመምታት ደግሞ ሽንፈት። ከዐሥራ ስምንት ዓመት በታች እንዳታመጡ። ስማቸውን ከነዕድሜያቸው ላክልኝ፤ የቀበሌ ማኅተም ይኑረው፤ አንተን አምናለሁ፣ ደባርቅን አላምንም።»

ስምንት ጎልማሶች ነበሩኝ። ከድሮዎቹ ተጫዋቾች አንዱ ሱዳን ነው፣ አንዱ ጦር ሜዳ፣ አንዱ እስር ቤት። አራት ሰው ጎደለኝ። ድረስን፣ የጎረቤታችንን የገበያነሽን ልጅ አለነን፣ ከትምህርት ቤቱም ስጦታንና ፋንታዬን ጨመርኩ። የኛ ልጅ ዐሥራ ስድስት፤ አለነ ከእሱ በአምስት ወር ያንሳል፤ ስጦታ ዐሥራ አምስት፤ ፋንታዬ ዐሥራ ሰባት አልሞላውም። በአራቱም ስም ትይዩ 18 ብዬ ጻፍኩ። በሦስት ቅጂ። አንዱ ወደ ዳባት ሄደ፣ አንዱ ለማኅተሙ ሲባል ቀበሌ ቀረ፣ አንዱ እኔ ዘንድ ነው።

ሰው ስለጎደለኝ ነው እያልኩ ለራሴ ስነግረው ሰነበትኩ። ይህም ሐሰት ነው። ከመንገድ ሠራተኞቹ ውስጥ ሁለት ጎልማሶች፣ ከወፍጮ ቤቱም ሁለት «እንጫወት» ብለውኝ ነበር። ቀርፋፎች ስለሆኑ መለስኳቸው። ማሸነፍ ፈልጌ ነበር። የልጄ ስም በመዝገብ ላይ እንዲኖርም ፈልጌ ነበር።

የገና ዕለት አንቺም መስኩ ላይ ነበርሽ፤ ግን ከሴቶቹ ጋር ወደ ዳገቱ ስለነበርሽ የተባለውን አልሰማሽም። ዳባቶች ሁለት የጭነት መኪና ሞልተው ሲወርዱ የኛዎቹ ጀመሯቸው፦

«ዳባቶች! አውቶቡስ እናንተ ዘንድ የሚቆመው ጎማ ሲፈነዳበት ነው አሉ!»

«እውነት ነው! እኛ ዘንድ ጎማው ይፈነዳል፤ እናንተ ዘንድ ሾፌሩ በብርድ ይሰነጠቃል!»

ገብረ ክርስቶስ ራሱ ዱላ ይዞ ገባ፤ አርባ አምስት ዓመቱ ነው። ሁለት ለሁለት ሆነን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጃችን ድረስ ሩሯን ከእግሩ ሥር ነጥቆ ወሰደበት። ሲሮጥ አይተሽዋል፤ ያንን እኔ መጻፍ አልችልም። ከወሰናቸው ሲያሻግራት እንኳን የኛ ሰው የዳባት ሰውም ጮኸ። ገብረ ክርስቶስ ቅልጥሙ እየደማ መጣና የልጁን አገጭ ያዘ።

«ዐሥራ ስምንት ነህ አንተ? ታዲያ ጺምህን የት ጥለኸው መጣህ?»

«ውርጭ በላብኝ፣ ጋሼ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አልጣሽ፣ ምነው ያንን ሳቅ መልሼ በዋጥኩት።

ከዚያ እንግዶቹን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ አበላን። ገብረ ክርስቶስ ሩሯን በሁለት እጁ አስረከበኝ። ቀኑን ጻፍኩባት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ የሠርጋችንን ቀን ጨምሬ ነው የምልሽ፤ ዛሬ መዋሸት አልፈልግም።

ጥር 17 ቀን ለስብሰባ ስንጠራ ስለ ምን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። ገሠሠ የሊቀ መንበርነት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለብሔራዊ ውትድርና ከቀበሌው ዐሥር ሰው ተፈልጓል ሲል፣ እጁ ላይ ያለውን ወረቀት ከሩቅ ለየሁት። ስሞቹ የተነበቡት በፊደል ተራ አልነበረም። እኔ ባሰለፍኳቸው ተራ ነበር፣ ከፊት አጥቂዎቹ ጀምሮ።

«ድረስ ያርጋል፣ ዐሥራ ስምንት።»

አንቺ ተነሥተሽ «ልጄ ዐሥራ ስድስት ነው! ማን ነው ዕድሜ የጨመረለት?» ብለሽ ጮኽሽ። ገሠሠ ወደ አንቺ አልዞረም። እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

የጨመርኩለት እኔ ነኝ።

በሄድሽ በሦስተኛው ቀን ገሠሠን ቢሮው አገኘሁት። ክፉ ሰው ነው ብዬ ብጽፍልሽ ይቀለኝ ነበር፤ አይደለም። ወንበር ሰጠኝ።

«ጋሼ ያርጋል፣ ምን ላድርግ? ጽሕፈቱ የእርስዎ ነው፤ ማኅተሙ የእኔ።»

«ስህተት ነው በል።»

«አንድ ስህተት ይቻላል። አማትዎ የክርስትናውን ቀን የጻፉበት ነገር ካለ ያምጡና የድረስን እናቃና፤ ማንም አይጠይቅም። አራት ከሆነ ግን ስህተት አይባልም፣ ማጭበርበር ይባላል። እርስዎም እኔም እንገባበታለን።»

«የሦስቱስ ልጆች?»

«የተጻፈ ነገር አላቸው?»

የላቸውም። ሦስቱም ክርስትና የተነሡት እዚህ ነው፤ ያስነሷቸው ቄስ ሞተዋል፤ የጻፈም የለም። የድረስ ግን አባትሽ ዳዊት መጨረሻ ባዶ ቅጠል ላይ በእጃቸው ጽፈውታል፤ በአርባ ቀኑ፣ ኅዳር 1960፣ ከነክርስትና ስሙ። እኔ ፊት ነው የጻፉት። የእኔ ጽሕፈት ዕድሜውን ጨመረ፤ የእሳቸው ሊመልሰው ይችላል። አንድ ልጅ።

አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ገበያነሽ በየቀኑ ምሳ ታመጣልኛለች። ተዪ ብላት አትሰማም። «አይዞህ ያርጋል፣ ልጆቹ ጎንደር አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው አሉ። ድረስ እያለ የኔ አለነ አይከፋውም» ትለኛለች። ሳህኑን ካልጨረስኩ አትሄድም። እኔም እበላለሁ። ሃያ ቀን ሙሉ በላሁ።

እሑድ ሁለት ማመልከቻ ጻፍኩ። አንደኛው አንድ ስም አለበት፤ ለመጻፍ የቡና መጠጫ ጊዜ እንኳ አልወሰደብኝም። ሁለተኛው አራት ስም አለበት፤ ከሥሩም ዕድሜውን ያሳሳትኩት እኔ ብቻ መሆኔን፣ ቀበሌው አምኖኝ እንዳተመበት አስፍሬበታለሁ። ሦስት ቀን ሁለቱንም ደረት ኪሴ ይዤ ዞርኩ። ዛሬ ጠዋት የአራቱን ሰጠሁት።

ገሠሠ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ልጅዎን አይወዱትም እንዴ?» አለኝ። ወረቀቱን ወደ አውራጃ እንደሚያስተላልፈው፣ እስከዚያ ድረስም እኔ ከከተማው እንዳልወጣ ነገረኝ። ራሴ መጥቼ በአፌ ያልነገርኩሽ ስለዚህ ነው።

አሁን የምለምንሽ ይህን ነው። ልጆቹ እስከዚህ ወር መጨረሻ ጎንደር ይቆያሉ፤ ከዚያ ወደ ማሠልጠኛው ይሄዳሉ፣ የት እንደሆነ የሚናገር የለም። አባታችን ቅጠሉን ቀደው እንደማይሰጡ አውቃለሁ፤ አይቅደዱም። ዳዊቱን ከነማኅደሩ ይዘው አብረውሽ ይምጡ። በቅሎ ውዱ ይሰጣችኋል፤ ተነጋግረናል። ቀጥታ እዚህ አውራጃው ቢሮ ሂዱ።

እዚያ ስትደርሺ «ስለ ልጅሽ ብቻ ተናገሪ» ይሉሻል። ስለ ድረስ ብቻ ብትናገሪ እሱ ቶሎ ሊወጣ ይችላል፤ የእኔን ወረቀትም ያጠፉት ይሆናል። አለነ የተወለደ ቀን የገበያነሽን ወገብ የያዝሽው ግን አንቺ ነሽ። መጋቢት 1960 መሆኑን ከእናቱ ሌላ የምታውቂ አንቺ ብቻ ነሽ። ያንን ከተናገርሽ ነገሩ ከእኔ ወረቀት ጋር ይጣበቃል፤ የድረስም ጉዳይ ከሌሎቹ ጋር ይጓተታል፤ ጨርሶ ሊበላሽም ይችላል። የቱን እንድትዪ እንደምፈልግ አልጽፍልሽም። እናት ነሽ። ማንኛውንም ብትዪ አልፈርድብሽም፤ ለመፍረድ የሚበቃ አፍ የለኝም።

ስትደርሺ አስረውኝ ከሌለሁ ቁልፉ በደጃፉ ድንጋይ ሥር ነው። ገበያነሽ ዘንድ ላስቀምጠው ነበር፤ ከዛሬ በኋላ ከእጄ ነገር ትቀበል እንደሆነ ግን አላውቅም። እስካሁን አልነገርኳትም። እሷ በቀበሌው ነው የምትፈርደው።

ዳገቱን ቀስ ብላችሁ ውጡ፤ አባታችን ደረታቸውን ያማቸዋል። ልጃችንን በክርስትናው ቀን ከውኃ ያወጣው ታቦት ከዚህም ያውጣው፤ የሰዎቹንም ልጆች። አንቺን በደኅና ያግባሽ፤ የምትገቢበት ቤት የእኔ ባይሆንም እንኳ።

ያርጋል

ውዱ በቅሎዎቹን ጭኖ ደጅ እየጠበቀኝ ነው። ገበያነሽ ምሳ ይዛ ቁልቁል ስትመጣ በመስኮት አያታለሁ። ዛሬ ሳልበላ እነግራታለሁ።